የሄደር ጋርኒሲዮን ጭስ እንዳያሾልክ፦ ከመፍታት እስከ ዳግም ማጥበቅ

«ጋርኒሲዮኑን ቀየርኩት፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ያው ጭስ፣ ያው ጢቅ ጢቅ። የትኛውን ብገዛ ይሻለኛል?» ሄደር (ጭሱን ከሞተሩ ወደ ማርሚታው የሚያወጡትን ቱቦዎች) ያስገጠሙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ በሞተሩና በሄደሩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ላይ የለም። ጋርኒሲዮኑ የሚያርፍበት ገጽ ካልተስተካከለ፣ ብሎኑ ከላላ ወይም ማርሚታው ሄደሩን ከጎተተው ውድ ጋርኒሲዮንም አይተርፍም። ስለዚህ ሥራውን ከነምክንያቱ ልጻፈው።

ምሳሌዬ የጄኔራል ሞተርስ ኤል ኤስ ሞተር ነው፤ በቀደሙት ካማሮና ኮርቬቶች ላይ የምታገኙት ባለ 8 ሲሊንደሩ። አሜሪካ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ስለሱ ነው። ሌላ መኪና ያላችሁ የማጥበቂያውን ቁጥር ከራሳችሁ መኪና ማኑዋል ውሰዱ፤ አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚያሾልክ

ቴስታታው (ሄደሩ የሚታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው። ውኃ ስለሚያቀዘቅዘው ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። የሄደሩ ፍላንጅ፣ ማለትም ቱቦዎቹ የተበየዱበትና በብሎን የሚታሰረው ጠፍጣፋ ብረት፣ ግን ተራ ብረት ወይም ስቴንለስ ነው፤ ጭሱ በቀጥታ ስለሚያገኘው በጣም ይግላል።

ቁጥሩን እንየው። በኤል ኤስ ሞተር ላይ ከአንዱ ሲሊንደር መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 111.76 ሚሊሜትር ነው። በአንድ ጎን ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው 335 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። የስቴንለስ ፍላንጅ ከ20 ዲግሪ ወደ 400 ቢግል በዚያ ርዝመት ላይ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ቴስታታው ከ20 ወደ 100 ሲሞቅ የሚረዝመው 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ልዩነቱ ወደ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ይህ መሳሳብ ይደገማል። ጋርኒሲዮኑ መሃል ሆኖ ይፋተጋል፣ ብሎኑም ቀስ በቀስ ይላላል። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ይህን መሳሳብ ለመቋቋም ነው።

የሚያስፈልጋችሁ

- ለሁለቱም ጎን አዲስ ጋርኒሲዮን
- 12 ብሎን፣ ኤም 8፣ የጥርስ ርቀቱ 1.25 ሚሊሜትር (በአንድ ጎን 6)
- ከ10 እስከ 50 ኒውተን ሜትር የሚያነብ ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ)
- ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ ቢያንስ 50 ሳንቲሜትር
- ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች)
- የኤም 8 ጥርስ ማጽጃ (ጥርስ የሚቆርጠው ሳይሆን የሚጠርገው)
- የፕላስቲክ መፋቂያ፣ ፍሬን ክሊነር፣ ንጹሕ ጨርቅ
- የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ዘይት
- ኒኬል ያለበት የብሎን ቅባት
- ክሪክ፣ መኪናውን የሚሸከሙ ስታንዶች፣ የዓይን መከላከያ፣ ጓንት
- የሳሙና ውኃ በመርጫ ዕቃ፣ እንዲሁም አየር መንፋት የሚችል ቫኪውም

ቶርክ ሬንች ከሌላችሁ ተዋሱ ወይም ተከራዩ። ይህ ሥራ በእጅ ግምት አይሠራም።

ማስጠንቀቂያ

የሚያሾልክ ሄደር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል። ሞተሩን በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አታስነሱ። በሩ በከፊል ተከፍቷል ብላችሁም አትመኑ፤ መኪናውን ወደ ውጭ አውጡት።

በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ። ባትሪውን ከኔጌቲቩ በኩል ንቀሉ፤ የስታርተሩ ወፍራም ኬብል ሄደሩ አጠገብ ነውና መፍቻ ቢነካው ይቀጣጠላል። ፍሬን ክሊነር የረጫችሁበት ቦታ ሳይደርቅ ሙቀትም ብየዳም አታስጠጉ፤ አንዳንዱ ዓይነት ሲግል መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ደረጃ 1፦ የሚያሾልከው የት እንደሆነ አረጋግጡ

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሲነሳ ጢቅ ጢቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞቅ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ብረቱ ሲረዝም ክፍተቱን ስለሚደፍነው ነው። ነገር ግን የቫልቭ ክፍሎችም ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው በጆሮ ብቻ አትፍረዱ።

ሞተሩ ጠፍቶ ፍጹም ሲቀዘቅዝ የቫኪውሙን መንፊያ ማርሚታው ጫፍ ላይ አስገቡና ዙሪያውን በጨርቅ ድፈኑት። ማርሚታው ሁለት ጫፍ ካለው ሌላውን ዝጉት። ከዚያ የፍላንጁን ዙሪያ የሳሙና ውኃ እየረጫችሁ ተመልከቱ፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ እሱ ነው። የሄደሩን የብየዳ መስመሮችና ከታች ቱቦዎቹ አንድ የሚሆኑበትንም መገጣጠሚያ እርጩ። የተሰነጠቀ ቱቦ ይዞ ጋርኒሲዮን መቀየር ከንቱ ልፋት ነው።

ማሾለኩ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት። በጭሱ ምት መሃል ግፊቱ ሲወርድ የውጭ አየር በክፍተቱ ይሳባል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ያንን አየር አንብቦ «ነዳጅ አንሷል» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ያለ ምክንያት ነዳጅ ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ ብሎኖቹን ሳትሰብሩ ፍቱ

የማላቀቂያውን ዘይት ቀደም ባለው ምሽት እርጩና አሳድሩት። ስትፈቱ ሞተሩ እጅ የማያቃጥል ለብታ ቢኖረው ጥሩ ነው። ብሎኑ እንቢ ካለ በጉልበት አትቀጥሉ፤ ትንሽ አጥብቁት፣ ትንሽ ፍቱት፣ ዘይት ጨምሩ፣ ድገሙ። በኤል ኤስ ሞተር ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰበሩት የመጨረሻዎቹ፣ ወደ ሹፌሩ ክፍል የሚቀርቡት ናቸው። እነሱን ስትፈቱ ቸኩላችሁ ጣጣ እንዳታመጡ።

ብሎን ተሰብሮ ጫፉ ከወጣ በላዩ ላይ ዳዶ በብየዳ ተይዞለት ይፈታል። የብየዳው ሙቀት ራሱ ጥርሱን ያላቅቀዋል። ጫፉ ካልወጣና ከዚህ በፊት ካልሠራችሁት ለቶርኖ ቤት ተዉት። ጠማማ የተበሳ ቴስታታ ከብሎኑ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል።

የወጣውን ጋርኒሲዮን አትጣሉት። የትኛው ቀዳዳ ዙሪያ ጥላሸት ወደ ውጭ እንደተሻገረ ተመልከቱና በማርከር ጻፉበት። ለደረጃ 4 ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 3፦ ገጹን አጽዱ

በቴስታታው የጭስ ቀዳዳዎች ውስጥ መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ ወትፉ። የድሮውን ትርፍራፊ በፕላስቲክ መፋቂያ አንሱ፤ ከዚያ ጨርቅ ላይ ፍሬን ክሊነር አድርጋችሁ ጥረጉ። የሚሽከረከር የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ቴስታታ ላይ አታሳርፉ። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ይጎደጉደዋል። ብናኙም ወደ ሲሊንደር ከገባ ሌላ ችግር ይዞ ይመጣል።

የብሎን ቀዳዳዎቹን በጥርስ ማጽጃው ጥረጉና በአየር ንፉ። ቀዳዳው ውስጥ ቆሻሻ ወይም ፈሳሽ ካለ ብሎኑ ፍላንጁን ሳይጨብጥ ከታች ይመታል፤ ቶርክ ሬንቹ ግን ጠብቋል ብሎ ያታልላችኋል። አዲስ ብሎን በእጅ እስከ መጨረሻው መግባት አለበት። ካልገባ ወይም ከዋለለ ጥርሱ ተበልቷልና የብረት ጥርስ ይግባለት።

ደረጃ 4፦ ፍላንጁን ለኩ

ሁሉም የሚዘሉት ይህንን ነው። እኔ ግን ዋናው ሥራ ይህ ነው እላለሁ።

ሄደር ሲሠራ ቱቦዎቹ ፍላንጁ ላይ ይበየዳሉ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና ፍላንጁ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። ጥሩ ፋብሪካ ከብየዳ በኋላ ገጹን ያስተካክላል፤ ርካሹ እንዲሁ ቀለም ቀብቶ ይሸጠዋል። ከሳጥን አዲስ የወጣ ሄደር ቀጥ ያለ ነው ብላችሁ አትነሡ።

ማስመሪያውን በጠርዙ ፍላንጁ ላይ በርዝመቱ አቁሙ። ከኋላው የስልክ መብራት አብሩ። ብርሃን የሚያልፍበት ካለ በዚያ በኩል ፊለር ጌጅ አስገቡ። ከላይኛው የብሎን ረድፍ፣ ከታችኛው፣ ከዚያም በሰያፍ ለኩ። አሁን በማርከር የጻፋችሁበትን የድሮ ጋርኒሲዮን አምጡ፤ ጥላሸቱ የተሻገረበትና ጌጁ የሚገባበት ቦታ ከገጠመ ምክንያቱን አገኛችሁት።

እኔ የምመራበት ልክ ይኸው፦

- 0.10 ሚሊሜትሩ ጌጅ ካልገባ ግጠሙት።
- ከ0.10 እስከ 0.25 ከሆነ ወፍራም የግራፋይት ጋርኒሲዮን ሊሸፍነው ይችላል፤ ቢስተካከል ግን ይሻላል።
- ከ0.25 ካለፈ ቶርኖ ቤት ውሰዱት፤ ገጹ ይላግ።

ብሎኑ ጎትቶ ያስተካክለዋል የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ብዙ ሄደሮች ላይ ፍላንጁ 9.5 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት አለው። ኤም 8 ብሎን ያንን እያጎነበሰ አሉሚኒየም ጥርስ ላይ ሲንጠለጠል፣ ጉልበቱ ለመጨበጥ ሳይሆን ለመጎተት ያልቃል። ትንሽ እንደላላ ፍላንጁ ወደ ጎባጣነቱ ይመለሳል።

ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በኩልም በጣት ዳብሱ። ከፍላንጁ ገጽ በላይ ያበጠ የብየዳ ጫፍ ካለ በሞረድ አውርዱት። አንድ እብጠት ብቻ ጋርኒሲዮኑን በሌላው በኩል ያነሣዋል። የቴስታታውንም ገጽ በዚሁ ማስመሪያ እዩት።

ደረጃ 5፦ ጋርኒሲዮኑን ምረጡ

ገጾቹ ሁለቱም ቀጥ ካሉ ባለ ብዙ ንብርብር ብረት የሆነውን ውሰዱ። ሙቀት አይበላውም፤ ንብርብሮቹ እርስ በርስ ስለሚንሸራተቱ ከላይ ያልኩትን መሳሳብ ይችለዋል። ጎባጣ ገጽን ግን ይቅር አይልም።

ወፍራም ግራፋይት ተጨምቆ ጎድጓዳውን ይሞላል። ሲገጠም በቀላሉ ይሰበራልና በጥንቃቄ ያዙት። መዳብም ጥሩ ነው፤ ተጨምቆ ከሠራ በኋላ ስለሚጠነክር ደግማችሁ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግላችሁ አለስልሱት። ከርካሽ ሄደር ጋር በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣውን ስስ የወረቀት ዓይነት ግን ተዉት፤ ጭሱ ከጠርዙ እየጠበሰ ይበላዋል።

የመረጣችሁትን ቴስታታው ላይ ከዚያም ሄደሩ ላይ አስደግፋችሁ እዩ። የጋርኒሲዮኑ ቀዳዳ ከሁለቱም ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ የገባ ጠርዝ ካለ ጭሱ በቀጥታ ይመታዋል፤ መጀመሪያ የሚቃጠለውም እሱ ነው።

ሲሊኮን ማስቲሽ አትጨምሩ። ለጋርኒሲዮን የሚሸጠው ቀይ ወይም የመዳብ ቀለም ያለው ማስቲሽ የፍላንጁን ሙቀት እስከ መጨረሻው አይችልም። ሲቃጠል ክፍተት ትቶ ይሄዳል፤ አንዳንዱም የኦክስጅን ሴንሰሩን ያበላሻል።

ደረጃ 6፦ ብሎኖቹን አዘጋጁ

ፍላንጁ ከፋብሪካው ማኒፎልድ (ከሄደሩ በፊት ከነበረው የጭስ መውጫ) ውፍረቱ ስለሚለይ የድሮው ብሎን ርዝመት ላይሆን ይችላል። ያለ ጋርኒሲዮን ፍላንጁን ይዛችሁ በእጅ ሞክሩ፤ ብሎኑ ከታች ሳይመታ ፍላንጁን መያዝ አለበት።

ከዚያ ጭንቅላቱን እዩ። በብዙ ሄደር ላይ ቱቦው ለብሎኑ በጣም ይቀርባል። የብሎኑ ጭንቅላት ቱቦውን ወይም ብየዳውን ከነካ ማጥበቂያው ኃይል እዚያ ላይ ያርፋል እንጂ ፍላንጁ አይጨበጥም። ቶርክ ሬንቹ ቀጭ ሲል እናንተ ጨርሻለሁ ትላላችሁ፤ በሳምንቱ ይላላል። አነስ ያለ ጭንቅላት ያለው ባለ 12 ማዕዘን ብሎን ይህን ያስቀራል።

መላላትን ለመከላከል በጥርስ የሚናከስ ጥንድ ሮንዴላ ወይም ጭንቅላቱን በብረት ቅንጥብ የሚያስር ብሎን ግዙ። ተራውን የስፕሪንግ ሮንዴላ አልመክርም፤ በዚህ ሙቀት ስፕሪንግነቱን ያጣል።

የኒኬል ቅባቱን ጥርሱ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። የተቀባ ብሎን ሰበቃው ስለሚቀንስ በዚያው የቶርክ ንባብ ይበልጥ ይጨብጣል። የብሎኑ ሠሪ ለተቀባ ብሎን የሰጠው ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ እኔ ከ20 እስከ 22 ኒውተን ሜትር ላይ አቆማለሁ።

ደረጃ 7፦ ግጠሙና አጥብቁ

ሄደሩን ወደ ቦታው አስገቡ፤ ከታች ከማርሚታው ጋር ግን ገና አታገናኙት። መጀመሪያ የሁለቱን ዳር ብሎኖች በጣት ሁለት ሦስት ዙር አስገቡ። ጋርኒሲዮኑን በመሃል አንሸራትታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ ሌሎቹን ሁሉ በጣት አስገቡ። ስድስቱም በጣት ሳይገቡ መፍቻ አታንሡ፤ አንዱ ጠሞ ከገባ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይዞት ይወጣል።

ማጥበቁ ከመሃል ወደ ዳር ነው። ከመሃል ሁለቱ ጀምራችሁ፣ ግራና ቀኝ እያቀያየራችሁ ዳር ላይ ጨርሱ፦

- የመጀመሪያ ዙር፦ ሁሉም 15 ኒውተን ሜትር
- ሁለተኛ ዙር፦ በዚያው ቅደም ተከተል 25 ኒውተን ሜትር (ደረቅ ብሎን ከሆነ፤ የተቀባ ከሆነ በደረጃ 6 ያለውን ቁጥር)
- ሦስተኛ ዙር፦ ቁጥሩን ሳትጨምሩ ሁሉንም እንደገና ዳስሱ

ሦስተኛው ዙር የሚያስፈልገው ጎረቤቱ ሲጠብቅ የመጀመሪያው ትንሽ ስለሚላላ ነው። ከዳር የጀመረ ሰው ፍላንጁን በሁለት ጫፍ ያስርና መሃሉን አየር ላይ ይተወዋል።

የሄደሩ ሠሪ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱን ያዙ። የካንዴላ ኬብሎቹ ቱቦውን እንደማይነኩ አሁኑኑ አረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ማርሚታውን ሳትጎትቱ አገናኙ

አሁን ከታች አገናኙ። መጀመሪያ ሁሉንም መገጣጠሚያና ማንጠልጠያ ልል አድርጋችሁ ያዙ፤ ከዚያ ከሞተሩ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አጥብቁ። ቱቦው በቦታው እንዲገባ በክሪክ መግፋት ካስፈለገ ልኩ አልገጠመም ማለት ነው። ያ ግፊት ቀን ከሌሊት በጋርኒሲዮኑ ላይ ይቀመጣል።

ነዳጅ በድንገት ሲረገጥ ሞተሩ ይወዛወዛል፤ ማርሚታው ግን ከመኪናው አካል ጋር የታሰረ ነው። ስለዚህ የሞተር ጎማዎቹን (ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ላስቲኮች) እዩ። ከተበሉ ቀይሩ። የማርሚታውን ማንጠልጠያ ላስቲኮች ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። በመሃል የሚታጠፍ ቱቦ ወይም የክብ መገጣጠሚያ ካላችሁ ብዙ ሸክም ይቀንሳል።

ደረጃ 9፦ አሙቁ፣ አቀዝቅዙ፣ ዳግም አጥብቁ

ባትሪውን መልሱ፣ መኪናውን ውጭ አድርጉ፣ አስነሡ። ለጥቂት ደቂቃ የዘይትና የጣት አሻራ ጭስ ይወጣል፤ ያ ይጠፋል። ነዳጅ ሳትሰጡት በሚኒሞ እስኪሞቅ ተዉት። አጥፉና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ቢያድር ይመረጣል።

ጠዋት በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ቁጥር ዳግም አጥብቁ። አንዳንዱ ብሎን ሩብ ዙር ይሄዳል፤ ጋርኒሲዮኑ ስለተጨመቀ ነው። ከ150 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ አንዴ፣ ከ800 በኋላ ደግሞ አንዴ ድገሙት። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ ሞተር። በጋለ ሞተር ላይ የተነበበ ቁጥር ትርጉም የለውም፤ ብረቱ ረዝሟልና።

ሁለት ጉዳዮች ይለያሉ። ብሎኑን በጥርስ ማጣበቂያ ከገጠማችሁት ዳግም አታጥብቁ፤ የደረቀውን ትስስር ትሰብሩታላችሁ። የጋርኒሲዮኑ ሠሪ «ዳግም አታጥብቁ» ብሎ ከጻፈም እሱን ስሙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት

- የድሮውን ጋርኒሲዮን መልሶ መግጠም። አግላችሁ ካለሰለሳችሁት መዳብ በቀር፣ አንዴ የተጨመቀ ሁለተኛ እኩል አይጨመቅም።
- ጋርኒሲዮን ላይ ጋርኒሲዮን መደረብ። ንብርብሩ በበዛ ቁጥር መላላቱ ይበዛል።
- የሚጮኸውን አንድ ብሎን ብቻ ማጥበቅ። ፍላንጁ በዚያ በኩል ይጎተትና ጎረቤቱ ይከፈታል።
- በአየር መፍቻ ማጥበቅ። ለመፍታት እንኳ እዚህ ቦታ አልመክረውም።
- ፍላንጁ ሥር ድረስ ሄደሩን በሙቀት ጨርቅ መጠቅለል። ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ፍላንጁን ይበልጥ ያግለዋል፤ ተራ ብረት ከሆነም እርጥበት ይዞ ያዝገዋል።
- የሞተሩን ማስተካከያ መርሳት። እሳቱ ከዘገየ ወይም ሲሊንደር እሳት ከሳተ ነዳጁ ቱቦ ውስጥ ይቃጠላል። ማርሚታው «ድው» ባለ ቁጥር ጋርኒሲዮኑ ይመታል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ አሁንም ካሾለከ

የሳሙናውን ፍተሻ ድገሙና አረፋው የት እንደሆነ እዩ። ከዳሩ ቀዳዳዎች ከሆነ ፍላንጁ ጎብጧል፤ ለኩት። ከመሃል ከሆነ ከዳር ተጀምሮ ጠብቋል ወይም የመሃል ብሎን ከታች መትቷል። ሁልጊዜ በአንድ ጎን፣ በአንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ የዚያን ብሎን ጭንቅላት ከቱቦው ጋር መነካካቱን ተመልከቱ። በየጊዜው ቦታ የሚቀያይር ከሆነ ደግሞ ወደ ታች ውረዱና የሞተር ጎማውንና የማርሚታውን ማንጠልጠያ ፈትሹ። አረፋው ከብየዳው መስመር ከወጣ ሄደሩ ተሰንጥቋል፤ አውጡትና ይበየድ፣ ከብየዳ በኋላም ፍላንጁን ሳትለኩ አትመልሱት።